መጀመሪያ ነፋሱን ንገሩን

ለሃዋይ ደሴቶች የሳምንቱን ትንበያ ስናዘጋጅ፣ ወደ ሙያው በቅርቡ የገባ አንድ ወጣት «ረቡዕ 40 በመቶ የዝናብ ዕድል አለ ብንል አይበቃም?» አለኝ። አይበቃም። በሞቃታማ ደሴት ላይ ነፋሱ ያልተነገረበት መቶኛ ለማንም አይጠቅምም።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው የንግድ ነፋስ ሲጸና ደመናው ተራራውን ሽቅብ ይወጣና ዝናቡን እዚያው ምሥራቅ ጎን ላይ ያራግፋል። በምሥራቅ ጎን ያለችው ሂሎ በዓመት ከ3,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ በዚያችው ደሴት ከተራራው ማዶ ያለችው ካዋይሃኤ 300 እንኳ አይሞላላትም። ለሁለቱ አንድ ቁጥር መስጠት ምን ይባላል?

የቀዝቃዛ አየር ግንባር ከሰሜን ምዕራብ ሲቃረብ ደግሞ ከደሴቶቹ በስተሰሜን ያለው ከፍተኛ ግፊት ወደ ምሥራቅ ይገፋል፤ ነፋሱ ይደክምና ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል። ያን ጊዜ ጠዋቱ ጥርት ይላል። ከሰዓት በኋላ የባሕር ነፋስ ወደ የብስ ገብቶ መሀል ደሴቱ ላይ ደመና ይቆልላል፤ ማታ ይበተናል። ጭራሽ ወደ ደቡብ ምዕራብ ከዞረ፣ የኮና ነፋስ የሚሉት እሱ ነው፣ ደረቁ ጎን በጎርፍ ሊመታ ይችላል። በሦስቱም ዓይነት ቀን ላይ «40 በመቶ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

«የኮምፒውተር ሞዴሉ ሁሉንም አስልቶታል» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ነፋሱን በደንብ ያሰላል፤ እኔም ከሞዴል ነው የምወስደው። ነገር ግን በዓለም አቀፍ ሞዴል ውስጥ ተራራው ተደልድሎ ያጥራል፤ ዝናቡም አብሮ ይዛባል። ስለዚህ ከሂሎና ከሊሁኤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚለቀቀውን የአየር መለኪያ ፊኛ ውጤት ሳላይ አልጽፍም። በግራፉ ላይ የሙቀቱ መስመር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየቀነሰ ይሄድና 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዚያ በላይ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ስለሆነ ደመናው አልፎ አያድግም። እጥፋቱ ዝቅ ካለ ካፊያ ነው፤ ከጠፋ ለዶፍ መዘጋጀት ነው።

እኔ ያደግኩት ቡና በሚሰጣበት ግቢ ነው። ነፋሱ ሲዞር እናቴ ገና ደመና ሳይታይ ቡናውን ታስነሳን ነበር። በሃዋይ የኮና አካባቢ ገበሬዎችም ቡናቸውን የሚንሸራተት ጣሪያ ባለው ማስጫ ላይ ያደርቃሉ፤ ከእኛ የሚፈልጉት ጣሪያውን የሚስቡበትን ሰዓት ነው። ይህን ሥራ የወደድኩት ያቺን ሰዓት ለመንገር ስለሚያስችለኝ ነው።

ትንበያ የምትጽፉ ባልደረቦቼ፣ ነፋሱ የሚዞርበትን ቀንና ዝናቡ የሚወርድበትን ጎን በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉልን፤ መቶኛው ከዚያ በኋላ ይምጣ።