ሰሚ ልብና ድንጋይ ተሸካሚው

ስለ ሰሎሞን ጸሎት በየዐውደ ምሕረቱና በየአዳራሹ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ የሚደረስበት መደምደሚያ አንድ ነው፤ ንጉሡ ጥበብን ስለመረጠ ሀብቱም ተጨመረለት፣ እናንተም ጥበብን ብትመርጡ ይጨመርላችኋል የሚል። ይህ አነባበብ ጥበብን የሚያስቀድም ይመስላል፤ ውሎ አድሮ ግን ወደ ሀብት መሄጃ መንገድ ያደርጋታል። የጸሎቱ መድረሻ ወርቅ ከሆነ ጥበብን መለመን ወርቅን በጨዋ አንደበት ከመለመን በምን ይለያል? ታሪኩ እስከ መጨረሻው ሲነበብ የሚናገረው ሌላ ነው። ሰሎሞን የለመነው ጥበብ ጆሮ ነበር፤ ሀብቱም የነጠቀው ይህንኑ ጆሮ ነው።

በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 3 ወጣቱ ንጉሥ በገባዖን የሚለምነው፣ የዕብራይስጡ ቃል እንደሚለው፣ ሰሚ ልብ ነው። የሚፈልገውም ሕዝቡን ለመዳኘት ነው። ወዲያው የሚቀጥለው ችሎት ይህ ልብ ምን እንደሚሠራ ያሳያል። የቆሙት በአንድ ሕፃን የሚካሰሱ ሁለት ጋለሞታዎች ናቸው፤ በአንድ ቤት የሚኖሩ፣ ምስክር የሌላቸው፣ እጅ መንሻም ያልያዙ። ንጉሡ ሰይፍ አምጡ ከማለቱ በፊት አንድ ነገር ያደርጋል፤ ይቺ እንዲህ ትላለች፣ ያቺ ደግሞ እንዲህ ትላለች ብሎ የሁለቱንም ቃል ይደግማል። አንባቢ ወደ ሰይፉ ስለሚቸኩል ይህችን ዐረፍተ ነገር ያልፋታል። ለእኔ ግን የጥበቡ ማስረጃ እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ቃላቸውን የማይቆጥርላቸውን ሴቶች ንግግር አንድ በአንድ ሰምቶ መያዙ።

በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በግዕዝ የተዘጋጀው ክብረ ነገሥት ይህን ነገር በራሱ መንገድ ያየዋል። ንግሥት ማክዳ ከነጋዴው ከታምሪን ስለ ሰሎሞን ጥበብ ሰምታ 797 ግመሎች አስጭና ትጓዛለች፤ ሀብቱ ሁሉ የጥበብ ስንቅ ሆኖ ይከተላታል። ኢየሩሳሌም ከደረሰች በኋላ የምታየው አንድ ትዕይንት ግን ከዚህ ጉዞ ይበልጣል። አንድ የቀን ሠራተኛ ድንጋይ ተሸክሞ ያልፋል፤ የውኃ አቁማዳ ከአንገቱ፣ ስንቁና ጫማው ከወገቡ ታስረዋል፣ ልብሱ ተቦጫጭቋል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ሰሎሞን ያስቆመውና ከዚህ ሰው በምን እበልጣለሁ ብሎ ንግሥቲቱን ይጠይቃል፤ እሱም እኔም ነገ አፈር ነን ይላል። የመጽሐፉ አዘጋጆች ለጥበበኛው ንጉሥ የሰጡት ትልቁ ትምህርት ይህ መሆኑ ያስደንቃል።

ያ ተሸካሚ ግን ብቻውን አልነበረም። 1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ከመላው እስራኤል 30,000 ሰዎች ለግዳጅ ሥራ እንደተመለመሉ፣ ሸክም ተሸካሚዎቹም 70,000 እንደነበሩ ይቆጥራል። ቤተ መቅደሱ በ7 ዓመት ሲያልቅ የንጉሡ ቤት 13 ዓመት ፈጀ። በአንድ ዓመት የገባው ወርቅ 666 መክሊት ደረሰ፤ ፈረሶች ከግብፅ መጡ፤ ሚስቶቹም 700 ሆኑ። ዘዳግም ምዕራፍ 17 ንጉሥ ፈረስን፣ ሚስትን፣ ብርንና ወርቅን እንዳያበዛ ይከለክላል፤ ሕጉን ዕድሜውን ሁሉ እንዲያነብ የሚያዘውም ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ ነው። እንግዲህ የተሰበረው የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ወንድም የሚሰማበት ልብ ነው።

ሀብቱን የሰጠው እግዚአብሔር ራሱ አይደለም ወይ የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ምሳሌ ምዕራፍ 3ም በጥበብ ግራ እጅ ባለጠግነትን ያስቀምጣል። እውነት ነው፤ ሀብት በራሱ ርኩስ ነው የሚል ክርክር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር አይሄድም። ነገር ግን ሳይለመን የተሰጠ ስጦታና በሌላው ትከሻ ላይ የተከመረ ክምችት አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። ለተራበ ሰው ከእንጀራ ይልቅ ጥበብን ፈልግ ማለት የጠገበ ሰው ስብከት ነው ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እንዲሁ ሆኗል። ይሁንና በምዕራፍ 1 ጥበብ የጎደለው ከእግዚአብሔር ይለምን የሚለው የያዕቆብ መልእክት፣ በምዕራፍ 5 ደመወዛቸው የተያዘባቸውን አጫጆች ጩኸት ለባለጠጎች ያሰማል። ጥበብን ለምኑ የሚለውና ደመወዝ ክፈሉ የሚለው አንድ ድምፅ ነው። ስለዚህ ጥበብን የማስቀደም ጥሪ መጀመሪያ የሚመለከተው የደሃውን ሆድ ሳይሆን የባለጠጋውን ጆሮ ነው።

ሰሎሞን ከሞተ በኋላ ሕዝቡ ሴኬም ተሰብስቦ አባትህ ያከበደብንን ቀንበር አቅልልልን አለ። ልጁ ንጉሥ ሮብዓም ሦስት ቀን ወስዶ የሽማግሌዎቹን ምክር ጣለ፤ መጽሐፉም ንጉሡ ሕዝቡን እንዳልሰማ ይመዘግባል። ከዚያም የግዳጅ ሥራውን አለቃ ላከባቸው። ሕዝቡም በድንጋይ ወግሮ ገደለው።