ቃሉ ይብሰል፣ ዓይኑ ጀማሪ ይሁን

አራት ኪሎ ረቂቃቸውን ይዘው የሚያገኙኝ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ «ጋሼ፣ ጽሑፌ መብሰሉን በምን አውቃለሁ?» መልሴ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይለያል፤ የቃልንና የዓይንን የዋህነት።

የቃል የዋህነት ቢጠፋ አይቆጭም። ጀማሪ «ልቡ በሐዘን ተሰበረ» ብሎ ሲጽፍ አንባቢ አብሮት የሚያለቅስ ይመስለዋል። ልምድ ያለው ግን ይህን ሰርዞ ሰውየውን ካፌ ያስቀምጠዋል። ሰውየው ማኪያቶውን ያማስላል፤ አረፋው ጠፍቶም ያማስላል። ከዚያ አንዴም ሳይቀምሰው ሂሳቡን ከፍሎ ይወጣል። «ሐዘን» የሚል ቃል የለም፤ አንባቢው ግን አዝኗል።

የዓይን የዋህነት ሌላ ነው። በወጣትነቴ ፒያሳን ስዞር ያየሁትን ሁሉ ሳልመርጥ እጽፍ ነበር፦ የወርቅ ቤቱን መስኮት፣ የእንጨት በረንዳውን፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በር ላይ ቆሞ ደንበኛ የሚጠራውን አስተናጋጅ ድምፅ። በኋላ የጻፍኳቸው ገጾች የተጣሩ ናቸው፤ ለታሪኩ የሚያስፈልገው ብቻ ነው ያለባቸው። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሰፊው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ፣ የሰፈሩን መልክ አሟልቶ የያዘልኝ ያ ያልተመረጠበት የወጣትነት ደብተር ነው።

ደራሲ በዓሉ ግርማን የማከብረው ወደ ቀድሞ ሥራው በመመለሱም ጭምር ነው። በ1966 ዓ.ም. ያሳተመውን «የሕሊና ደወል» በ1975 ዓ.ም. እንደገና ሠርቶ «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። በመካከሉ አብዮት ፈንድቷል፤ እሱም «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ንና «ደራሲው»ን ጽፏል። በስሙና በሥራው ከገነነ በኋላ ወደ ቀድሞ መጽሐፉ ተመልሶ እንደ አዲስ ለመሥራት መቀመጥ ትልቅ የሙያ ድፍረት ነው። የበሰለ እጅ የቀድሞውን ሥራ ከመጣል ይልቅ መልሶ እንደሚያርሰው ከዚህ እንማራለን።

እንግዲህ ረቂቃችሁን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡት። ዓመታት አልፈው ስትመለሱበት የቃላቱን ጌጥ ያለ ርኅራኄ ሰርዙ፤ በዓይናችሁ ያያችሁትን ግን አትንኩ። ዛሬም ወደ መንገድ ስትወጡ እንደ ጀማሪ እዩ፣ ጻፉም። ዐረፍተ ነገር ማቃናት በማንኛውም ዕድሜ ይለመዳል፤ በጊዜው ልብ ያላላችሁትን ሰፈር ግን ከፈረሰ በኋላ ማንም መልሶ አያሳያችሁም።