ዘውዱ ይቅር፣ መታወቂያው ይምጣ

የሥነ ጥበብ ሰዎች «የተገኘ ቁስ» የሚሉት ነገር አለ። አርቲስቱ ከሱቅ ቀለምና ሸራ ከመግዛት ይልቅ ሰው የጣለውን አንስቶ ሥራው ውስጥ ያስገባል። ማርሴል ዱሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1917 የወንዶች መሽኛ ለኤግዚቢሽን ካቀረበ ወዲህ ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮልፌ ለኖረ ሰው ግን ቃሉ ትንሽ ያስቃል። እዚህ ሰፈር ማንም ምንም ዝም ብሎ «አያገኝም»። ቁራሌው በጠዋት እየጮኸ ያልፋል። የተሰነጠቀ ጀሪካን፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ባዶ ጠርሙስ፣ ሁሉም ዋጋ አለው፤ ተከራክረን እንሸጣለን። ከዚያ ምናለሽ ተራ ይሄድና ማንደጃ ወይም መጥበሻ ሆኖ ይመለሳል። ቆሼ የሚደርሰው ማንም አልገዛም ያለው ነው። እዚያም ቢሆን የሚለቅም እጅ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ ከተጣለ ነገር የተሠራ ሐውልት ሳይ ቁሱ ከየት እንደተገኘ አይደለም የሚያሳስበኝ። የምጠይቀው ማን እንደጣለውና ለምን እንደጣለው ነው። ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ አጥብቃ የያዘችው የማውቃት አርቲስት ዑጋንዳዊቷ ሌይላ ባቢርዬ ናት።

ባቢርዬ እ.ኤ.አ. በ1985 ካምፓላ ተወለደች፣ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጥበብ ተማረች። ኩዊር ናት፤ ሴት ታፈቅራለች፣ ይህንንም አትደብቅም። የአገሯ ጋዜጦች ማንነቷን አደባባይ ካወጡት በኋላ በ2015 ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደች፣ በ2018 ጥገኝነት አገኘች። በመሃሉ በሳይክል ምግብ እያደረሰች ነበር የምትኖረው። ሐውልቶቿ ላይ የሳይክል ካቴና፣ የጎማ ላስቲክ፣ ቆርቆሮና ሚስማር የሚበዛው እንዲሁ አይደለም። «ካቴና» በእኛ አፍ ሳይክሉንም የሚያስኬድ፣ የታሳሪውንም እጅ የሚያስር ነው። እሷ አማርኛ አታውቅም፤ ሐውልቶቿ ራስ ላይ እንደ ሹሩባ የወረደውን ካቴና ሳይ ግን ሁለቱንም ትርጉም አለማንበብ አልቻልኩም።

ዋናው ቁልፍ ያለው ቋንቋው ላይ ነው። በሉጋንዳ ኩዊር ሰዎች የሚሰደቡበት ቃል «ኤቢሲያጋ» ይባላል። የሸንኮራ አገዳ ሲበላ የሚጣለው ልጣጭ ማለት ነው። ጣፋጩ ለበላተኛው፣ ልጣጩ ለመንገዱ። ባቢርዬ ከቆሻሻ የምትሠራው ቆሻሻ ተብላ ስለተሰደበች ነው። እንጨቱን ትጠርባለች፣ በእሳት ትለበልባለች፣ ሰም ትቀባለች፣ ታወለውላለች። ስድቡን በቃል አልመለሰችም። ስድቡ የተሠራበትን ነገር ራሱን ይዛ በእጇ ተንከባከበችው።

እኛ አገር የተጣለ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው ኤልያስ ስሜ ነው፤ ይገባዋልም። ከመርካቶ በሚሰበስበው የኮምፒዩተር ሽቦና የኪቦርድ ቁልፍ የሚሠራቸውን ሰፋፊ ሥራዎች ራቅ ብላችሁ ስታዩዋቸው ከአውሮፕላን የሚታይ ማሳ ይመስላሉ። ጠጋ ስትሉ ነው ሽቦው ሽቦ የሚሆነው። ኤልያስ የቁሱን ያለፈ ሕይወት ወደ ውበት ያቀልጠዋል። ባቢርዬ እምቢ ትላለች። ካቴናው ካቴና ሆኖ ይቀራል፣ የተቃጠለው እንጨት መቃጠሉ ይታያል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ስድብን ለሚመልስ ሥራ ግን ማቅለጥ አያዋጣም፤ የተጣለው ነገር እንደተጣለ መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሥራዎቿን ያየሁት በስልክ ብቻ ነው። ከሰው ቁመት በላይ የሆኑት ሐውልቶች መዳፌ ላይ የአሻንጉሊት ያህል ናቸው። ቢሆንም ስማቸው አያንስም። ባቢርዬ ለሐውልቶቿ ከቡጋንዳ ጎሳዎችና ከንጉሣዊው ቤተሰብ ስም ትሰጣቸዋለች። በ2020 ያቀረበችው ትርኢት ርዕሱ ራሱ «የቡጋንዳ ኩቹ ጎሳዎች» ነው። «ኩቹ» የዑጋንዳ ኩዊር ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የራሳቸው ቃል ነው። ጎሳ በአባት በሚወረስበት አገር ከቤት ለተባረረ ሰው ጎሳ መስጠት ትልቅ ነገር ነው። ንግሥትና ልዑል ማድረጉ ግን ቅር ይለኛል። የተናቀ ሰው ሰው መሆኑ እንዲታወቅለት የግድ ዘውድ መጫን አለበት እንዴ? ዘውድ የጥቂቶች ነው። እኛም ታሪካችንን ስናወራ ንጉሥ ንጉሡን እየቆጠርን ጉልት ቸርቻሪዋን የምንረሳ ሰዎች ነን።

ለዚህ ነው ከሐውልቶቹ ይልቅ ብዙ የማይወራላቸውን የወረቀት ሥራዎቿን የምመርጠው። «ኩቹ ንዳጋሙንቱ» ይባላሉ። ንዳጋሙንቱ መታወቂያ ማለት ነው። በቃ፣ እኛ ከወረዳ ወረፋ ይዘን የምናወጣው ዓይነት መታወቂያ። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ ፊት አለ፣ እንደ ጉርድ ፎቶ ከትከሻ በላይ። ዘውድም ካቴናም አያስፈልገውም። ሐውልቱ «ጣላችሁን» ይላል፤ ወረቀቱ «መዝግቡን» ይላል። ሁለተኛው የሚጠይቀው ትንሽ ይመስላል። ዑጋንዳ በ2023 አንዳንድ ክስ ላይ እስከ ሞት የሚቀጣ ሕግ ማውጣቷን ስናስብ ግን ሐውልት ማቆም ከመታወቂያው ይቀላል። በ2024 ቬኒስ ቢየናሌ ላይ ሥራዎቿ ቆመዋል፤ የአገሯ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ፊት አይቀበልም።

መዝገብ ውስጥ አለመኖር ምን እንደሆነ ኮልፌ ቀራኒዮ ያውቀዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲቀብር የሟቾቹ ቁጥር ለቀናት ሲቀያየር ነበር። ቆሻሻ ላይ የሚኖር ሰው ከነቁጥሩ ይቀበራል።

የእኛም አገር ኩዊር ሰዎች የራሳቸው ቃል አላቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ተመሳሳይ ጾታ ካለው ሰው ጋር መተኛትን ወንጀል ያደርጋል። መንገድ ላይ የሚወረወረውን ስድብ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አልደግመውም። እነሱ ግን እርስ በርስ የሚጠራሩት «ዜጋ» እየተባባሉ ነው። ከሁሉም ቃል ይህን መምረጣቸው ይገርመኛል። ንጉሥ አላሉም፣ ልዩ አላሉም፣ ቅዱስም አላሉም። ማንኛችንም ኪስ ውስጥ ያለችው ካርድ ላይ የሰፈረውን፣ ሁላችንም ሳናስብበት የያዝነውን ተራ ነገር ወሰዱ።

ባቢርዬን በዚህ ቃል በኩል ሳነባት ሥራዋ ግልጽ ይሆንልኛል። የተጣለ ቁስ ሲያምር ማጨብጨብ ቀላል ነው፤ ጋለሪ ሁሉ ያጨበጭባል። ከባዱ ያላማረውን፣ ያልተወለወለውን፣ ዘውድ ያልጫነውን ሰው ከእኛ ጋር አንድ ወረፋ ላይ ማሰለፍ ነው። ሐውልቶቿ ታላቅ ናቸው። ወረቀቶቿ ግን ትክክል ናቸው።