ኮከብ 127 መሰላል

ዘመን መለወጫው ጊፋታ ሲቃረብ ወላይታ ሒሳብ ይሠራል። ወንዱ ለበዓሉ በሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቧድኖ ሲያዋጣ ይከርማል፤ ሴቷ ቅቤ ታጠራቅማለች። አዲስ አበባ ሊስትሮ የሚሠራው ልጅም ድርሻ አለበት። ድሮ ያ ብር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው በታመነ ሰው ኪስ ነበር፤ ታማኙ ሰው እስኪገኝም ብሩ በፍራሽ ሥር ያድር ነበር። ዛሬ ልጁ ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ይደውላል፤ ከዳሞታ ተራራ ሥር፣ ሶዶ ያለው የእናቱ ቁልፍ ስልክ ጢጥ ይላል።

ስለዚህች ጢጥታ ነው የምጽፈው።

ፍሬሕይወት ታምሩ የኢትዮ ቴሌኮም ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው የተሾሙት በሐምሌ 2010 ነው። በቀጣዩ ነሐሴ የድምፅ ጥሪ ዋጋ በ40፣ የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ ወረደ። አገር ያወራው ያንን ነው፤ ደስታውም የሚገባ ነበር። እኔ ግን ቅናሽን ከሙያ አልቆጥረውም፤ ድፍረት ያለው ሰው በአንድ ፊርማ ይጨርሰዋል። ሙያ የሚታየው ግንቦት 3 ቀን 2013 በተጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ በቴሌብር ላይ ነው። በዚያው ወር የሳፋሪኮም ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር የቴሌኮም ፈቃድ ማሸነፉ ተነገረ። እንግዳው ደጃፉን ሳይረግጥ ገበታው ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ሰው ቴሌብርን በመተግበሪያው ያደንቀዋል። ውበቱን ማየት የፈለገ ግን የደበዘዘ ስክሪን ያለው ቁልፍ ስልክ ላይ ይየው። የቴሌብር መደወያ የሆነው ኮከብ 127 መሰላል ኢንተርኔት አይፈልግም። ስልኩና ኔትወርኩ ለአፍታ መስመር ከፍተው ይነጋገራሉ፤ ቁጥር ትመርጣለህ፣ ሌላ ዝርዝር ይመጣል፣ የሚስጥር ቁጥርህን ታስገባለህ፣ መስመሩ ይዘጋል። ብዙ ካመነታህም ራሱ ይዘጋብሃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ ባጭሩ መናገር አለበት። ለአንድ ገጽ የተፈቀደው በላቲን 182 ፊደል ነው፤ በግዕዝ ፊደል ከሆነ 80 ብቻ። የኛ ፊደል በዚህ መንገድ ሲጓዝ ከእጥፍ በላይ ቦታ ይወስዳል። እስቲ አንዲት ገበያተኛ ሳትደናገር ብር እንድትልክ በ80 ፊደል አስረዷት። ቅኔ ቤት የከረመ እንኳ ላብ ያጠምቀዋል።

ሌላም አለ። የምትደውለው 127 ነው፤ ብሩ ሲደርስ የሚመጣው መልእክትም ላኪው 127 ነው። የምታስታውሰው አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ማንበብ የማይችል ሰው ግን እነዚህን ሦስት አኃዞች በመልካቸው ለይቶ ያውቃቸዋል።

ስሞቹንም ልብ በሉ። በ2014 ከዳሸን ባንክ ጋር የመጡት አገልግሎቶች መላ፣ እንደኪሴ እና ሳንዱቅ ተባሉ። ብድሩ መላ ነው፤ የቸገረው ሰው «መላ ምታልኝ» እንደሚለው። እንደኪሴ ሒሳብ ሲያጥር የጎደለውን የሚሞላ ነው። ሳንዱቅ ቁጠባው ነው፤ የእናቶቻችንን ቁልፍ ያለው ሣጥን ያስታውሳል። የባንክ ቤት አማርኛ ምን ያህል የደረቀ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን አይንቅም። ሥርዓቱ የተሠራው በሁዋዌ ቴክኖሎጂ ነው፤ ጥልፉ ግን ያገር ቤት ነው።

የቴሌብር ደንበኞች በ2017 ከ50 ሚሊዮን አለፉ። አንድ የሥራ መሪ በዚህ ቁጥር ቢኮራ አይፈረድበትም፤ እኔ ግን የፍሬሕይወትን የሥራ ዘመን የምመዝነው በዚያች ባለ 80 ፊደል ገጽ ነው። ከሠሯቸው ሁሉ የተጣራው ሥራ እርሱ ነው እላለሁ።

አንድ ስፌት ግን ቀርቶበታል። ቴሌብር ሲጀመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና በእንግሊዝኛ ነበር የሚናገረው። ወላይትኛ አልነበረበትም። ወላይትኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ነው፤ 182ቱም ፊደል ለእርሱ ክፍት ነው።