በሲጋራ ወረቀት ላይ የተጻፈ አደራ

«የሰው ልጅ ክብር በእስር ቤት አይሞትም» ሲባል ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አባባሉን ከመድገም በፊት ግን አንድ መጽሐፍ መመርመርን እመርጣለሁ፤ ገጣሚው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ የተረጎመውን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን።

በ1936 እ.ኤ.አ. የታተመው የማርጋሬት ሚቸል ልብ ወለድ አማርኛ የለበሰው ሦስት ሺህ ያህል በሚሆኑ የሲጋራ ፓኬት የብር ወረቀቶች ላይ ነው። ድርሰቱ ራሱ የክብር መዝሙር አይደለም። የአሜሪካን ደቡብ ባሪያ አሳዳሪዎች ዓለም በናፍቆት ያያል፤ የባሮቹን ሰብእና ግን ያሳንሳል። ስለዚህ እስረኞቹን ያጸናቸው የመጽሐፉ ምግባር ነው ለማለት አልደፍርም። እኔ ክብሩን የማየው በሥራው ውስጥ ነው፤ አንዱ ይተረጉማል፣ ሌሎች ያዳምጣሉ፣ የሚፈታው ደግሞ ወረቀቱን ደብቆ ያወጣል።

እንግዲህ ክብር የአንድ ጀግና የግል ጥሪት ሳይሆን በብዙ እጅ የሚጠበቅ አደራ ነው። በስደት ያለን አንባቢዎች የጸኑትን ስናወድስ፣ በግርፋት ብዛት የተናዘዙትንና እስከ ዛሬ ዝም ያሉትን ክብር የለሽ ልናደርጋቸው አይገባም። የእነርሱ አደራ በእኛ እጅ ነው፤ በፍርዳችን ከነፈግናቸው፣ አደራ በላው ገራፊው ብቻ አይሆንም።