«ፎርማት ነው መፍትሔው»

እኛ አገር ለኮምፒውተር በሽታ ሁሉ የሚታዘዝ አንድ መድኃኒት አለ። ቀርፋፋ ሆነ? ፎርማት። ቫይረስ ገባበት? ፎርማት። የአማርኛ ፊደል አልጽፍ አለ? ፎርማት። የቻርጀር ገመዱ የተበጠሰበትን ሰው እንኳ «ለማንኛውም ፎርማት እናድርግልህ» የሚሉ ባለሙያዎች አጋጥመውኛል። ድሮ በየጤና ጣቢያው ለራስ ምታቱም ለሆድ ቁርጠቱም ያችኑ ነጭ ክኒን ይሰጡን እንደነበረው ማለት ነው። ክኒኗ ግን በሽታውን ባታድን በሽተኛውን አታጠፋም ነበር።

ይህን ነገር እንዳስብ ያደረገኝ በ2017 ዓ.ም. ክረምት መቐለ የገጠመኝ ጉዳይ ነው። እህቴ መቐለ አግብታ እዚያው የቀረች ናት። ልጇ «አኮይ» ነው የምትለኝ፤ በትግርኛ የእናቴ ወንድም ማለት ነው። ልጅቷ ከጦርነቱ በፊት በመቐለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የምርት መዝጋቢ ነበረች። የዕለቱን ምርት፣ የተበላሸውን ቁራጭ፣ የቀረውን ሠራተኛ እየቆጠረች ትጽፋለች። ፓርኩ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት፣ በቻይና ኩባንያ ተገንብቶ፣ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስንት ወጣት ተስፋውን ይዞ በዚያ በር እንደገባ እኔም አስታውሳለሁ። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ የስፌት ማሽኖቹ ቆሙ፤ ሠራተኛው ተበተነ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣቻት፤ ያ ሁሉ ሸሚዝና ሱሪ ያለ ቀረጥ የሚገባበት በር ተዘጋ።

የእህቴ ልጅ ከደመወዟ እየቆጠበች በ2011 ዓ.ም. የገዛቻት አንዲት ያገለገለች ላፕቶፕ ነበረቻት። ጦርነቱን በነጠላ ተጠቅልላ፣ እህል ጆንያ ውስጥ ተደብቃ ያለፈች ላፕቶፕ ናት። እኔ በሄድኩበት ሰሞን ግን መብራት ድንገት ሄዶ ሲመጣ አልነሳም አለች። ጥቁር መስኮት፣ በላዩ ላይ አንዲት ነጭ የእንግሊዝኛ መስመር። ፍቺው «ኦፕሬቲንግ ሲስተም አላገኘሁም» ነው። የመጫኛ ሲዲ የላትም። ያገለገለ ዕቃ የገዛ ሰው ሲዲ ከየት ያመጣል? ቻርጀሩም የሌላ ሞዴል ነው።

ይዘናት ከፓርኩ በር ብዙም ሳይርቅ ወዳለ አንድ ኮምፒውተር ቤት ገባን። ልጁ ከፍቶ አያት፤ መነጽሬን አየና ሙያዬን ገመተ መሰለኝ፣

«መምህር፣ ፎርማት ነው መፍትሔው። ሻይ ጠጥታችሁ እስክትመለሱ ትደርሳለች» አለኝ።

«ውስጧ ያለውስ?» አልኩት።

«ምን አለ ውስጧ?»

የእህቴ ልጅ ከእጁ ላይ ላፕቶፑን መልሳ ወሰደችና «ሰው አለ» አለችው። ወጣን።

እንግዲህ የእኔ ሂስ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሂሱ በልጁ ላይ ብቻ አይደለም። ልጁ ክፉ አይደለም፤ የተማረውን ነው የሚሠራ። ፎርማት ፈጣን ነው፤ ዋጋው የታወቀ ነው፤ ራስ አያዞርም። የጠፋውን መፈለግ ግን ሰዓት ይበላል፤ ሰዓቱን ደግሞ የሚከፍልለት የለም። ግን አንዲት ጥያቄ፣ አንዲት ብቻ፣ ከፎርማት በፊት መጠየቅ ነበረባት፦ «የምትፈልጉት ነገር አለ?»

ይህችን የጠየቀን ሁለተኛው ሰው ነው። ራዲዮ ሲጠግን ያደገ፣ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ ጎልማሳ። ቁጭ ብሎ የነገረንን እኔም ለአንባቢዬ ላካፍል፤ በዚህ ዕድሜዬ የተማርኩት ስለሆነ አይናቅብኝ።

ኦፕሬቲንግ ሲስተም አልተገኘም ማለት ሰነዱ ጠፋ ማለት አይደለም። የቤቱ በር ተሰበረ እንጂ ዕቃው እዚያው ነው። ሰውየው ሊኑክስ የተጫነበትን ፍላሽ ሰካ፤ ላፕቶፗ ከራሷ ሃርድ ዲስክ ሳይሆን ከፍላሹ ተነሳች። በዚያው መስኮት የእህቴን ልጅ ማኅደሮች አንድ በአንድ አሳየን። ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጣቸው። ከዚህ በኋላ ነው «አሁን መጫን እንችላለን» ያለው። ሌላም ነገር ነገረን። በሃርድ ዲስክ ላይ ፈጣኑ ፎርማት የመጽሐፉን ማውጫ ነው የሚቀድደው፤ ገጾቹ ለጊዜው አሉ። ጨርሶ የሚያጠፋቸው በላያቸው ላይ ሌላ ሲጻፍባቸው ነው። ስለዚህ በስህተት ፎርማት የተደረገበት ሰው የመጀመሪያ ሥራው ኮምፒውተሩን ማጥፋትና በላዩ ላይ ምንም አለመጻፍ ነው። እኛ ጋ የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፎርማቱ ሳያልቅ አዲሱ ይጫናል፤ በዚያው ላይ ዘፈንና ፊልም በምርቃት ይሞላበታል።

ሲዲ የሌላት ላፕቶፕ እንዴት ተጫነች? ከስምንት ጊጋ ያላነሰ ፍላሽ፣ ሌላ የሚሠራ ኮምፒውተር፣ ዊንዶውስን ከባለቤቱ ከማይክሮሶፍት በነፃ የሚያወርድ መሣሪያ፣ በቃ። ሰውየው እየሣቀ፣ ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠበት ዓመት ተኩል በሰፈሩ ይህ መጫኛ ያለባት አንዲት ፍላሽ ከሱቅ ሱቅ እንደ ሶላቶ ትዞር እንደነበር አጫወተን። «የእኔ ናት ያለ አልነበረም» አለ። ያን ጊዜ ሲያወራ ድምፁ ትንሽ ተለወጠብኝ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን አስገረመኝ። የእህቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ቀድሞ የነበረው ዊንዶውስ «ክራክ» ነበር፤ የተሰረቀ ማለት ነው። የሸጠላት ሱቅ ነው የጫነው። ላፕቶፗ ግን ከፋብሪካ ስትወጣ የተከፈለበት ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ይዛ ነው የወጣችው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው የሚመጡ ላፕቶፖች ቁልፋቸው እንደ ድሮው ከሆዳቸው ሥር በተለጠፈ ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ በማዘር ቦርዱ ቺፕ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ትክክለኛው ዓይነት ዊንዶውስ ከተጫነ ቁልፉን ራሱ አንብቦ ይከፈታል። ሱቆቻችን ግን ለሁሉም «ፕሮ» የሚባለውን ነው የሚጭኑ፤ የማሽኑ ቁልፍ ደግሞ «ሆም» ለሚባለው ነው። አይገጥምማ! ስለዚህ ክራክ ይደረጋል። ከክራኩ ጋር ምን ዓይነት ቫይረስ አብሮ እንደሚገባ የሚያውቅ የለም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሉ የለ? ልጅቷ ስድስት ዓመት ሙሉ የራሷን ንብረት በጉያዋ ይዛ በተሰረቀ ስትገለገል ኖራለች። የሚነግራት ሰው ስላልነበረ ብቻ ሌባ አደረጓት።

አምራቾቹም ከሂሱ አያመልጡም። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን አዲስ ኮምፒውተር ስንገዛ ብዙ ጊዜ ሲዲው አብሮ ይሰጠን ነበር። በኋላ ሲዲው ቀረና መጫኛው እዚያው ሃርድ ዲስኩ ውስጥ፣ በተለየ ፓርቲሽን ተሸጎጠ። በትንሿ መመሪያ ደብተር ላይ «የራስዎን ማገገሚያ ዲስክ አሁኑኑ ያዘጋጁ» የሚል ምክር አለ። ማን ያነበዋል? ያገለገለ ዕቃ የሚገዛውማ ደብተሩንም አያየውም። ያ የተሸጎጠው መጫኛ ደግሞ የመጀመሪያው ፎርማት አድራጊ «ቦታ ይይዛል» ብሎ ሲያጠፋው አብሮ ይሄዳል። የቤቱን መለዋወጫ ቁልፍ እቤቱ ውስጥ ቆልፎ መውጣት ይሏል ይህ ነው።

አሁን ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ቀጣዩን ዊንዶውስ 11 የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ የመሰሉ ማሽኖች በደንቡ አይቀበሉትም፤ ፕሮሰሰራቸው አርጅቷል ተብሏል። ለሚሠራ ማሽን ጡረታ ወጣለት ማለት ነው። በሀብታም አገር አዲስ ይገዛል፤ አሮጌው ወደ እኛ ይላካል። እኛስ ወደ ማን እንልካለን? ለዚህ ነው ያ ፍላሽ ላይ ያየሁት ነፃው ሊኑክስ በየኮሌጁና በየኮምፒውተር ቤቱ እንደ ቁም ነገር ሊታይ የሚገባው። ኤክሴል ለለመደ ሰው ቀላል እንደማይሆን አውቃለሁ። የእህቴም ልጅ ዊንዶውሷን ነው የመረጠች።

የቋንቋ ነገር ሳላነሳ አላልፍም፤ የድሮ ሙያዬ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዩኒኮድ ቤተሰብ ሆኗል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲመጣ ኒያላ የተባለውን ፊደላችንን ይዞ ነው የመጣው። ዊንዶውስ 10 በአማርኛም በትግርኛም ሊነጋገር ይችላል። ግን በየሱቁ ሲጫን ሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ «በምን ቋንቋ ይሁንልሽ?» የሚል የለም። ከዚያ ያ ረጅሙ ውል ይመጣል። በዓለም ላይ እንደዚያ ውል ብዙ ሰው የፈረመበትና ጥቂት ሰው ያነበበው ድርሰት ያለ አይመስለኝም። ለተማሪዎቼ «ያላነበባችሁትን ገጽ አትለፉ» እያልኩ ስንት ዓመት አስተምሬ፣ እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሳላነብ «እስማማለሁ» ብያለሁ! እዚህ ላይ ፈራጅ መሆን አልችልም።

ብራና ላይ ይጽፉ የነበሩ አባቶቻችን በመጽሐፉ ማብቂያ ላይ ማስጠንቀቂያ ያኖሩ ነበር። ይህን መጽሐፍ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ይላሉ። ተማሪ ሳለሁ ሌብነቱ ይገባኝ ነበር፤ መፋቁን ከሌብነት እኩል ማስቀመጣቸው ግን ይገርመኝ ነበር። መቐለ ላይ ነው የገባኝ። የሰረቀው መጽሐፍ የሆነ ቦታ አለ፤ አንድ ቀን ሊመለስ ይችላል። የተፋቀው ግን የትም የለም። እኛ ደግሞ በአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን፣ ሁለቱንም እናደርገዋለን፤ የሰውን ማኅደር ፍቀን የተሰረቀ እንጭንበታለን። ለዚያውም አስከፍለን።

ነገሩን ከኮምፒውተር ቤት አውጥቼ ወደ አደባባይ ብወስደው አንባቢ ይቅር ይበለኝ። አገራችን ራሷ ፎርማት የምትወድ አገር ናት። ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የትምህርት ቤቱ ስም፣ የመንገዱ ስም፣ የመማሪያው መጽሐፍ ይፋቃል። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ስሙ ተፋቀ፤ በ1983 ዓ.ም. የሌኒን ሐውልት ወረደ። አይፋቅ፣ አይውረድ አይደለም የምለው። አንዳንዱ መውረድ ያለበት ነው። ግን ከመፋቁ በፊት የሚገለብጠው ማነው? «የምትፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ የሚጠይቀውስ?

ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ወዲህ «ያለፈው አልፏል፣ እንደ አዲስ እንጀምር» የሚል ቃል ብዙ እሰማለሁ። ቅን ቃል ነው። እንደ አዲስ መጀመርን ማን ይጠላል! ግን እንደ አዲስ የሚጀመረው መዝገቡ ከተገለበጠ በኋላ ነው። ሳይገለብጡ እንደ አዲስ መጀመር ያው የመጀመሪያው ኮምፒውተር ቤት ልጅ ያዘዘልን መድኃኒት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለውም ያለ ነገር አይደለም፤ ፈጣኑ ፎርማት ማውጫውን እንጂ ገጹን አይቀድድም።

ስለዚህ ኮምፒውተር ለሚጠግኑ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ልመና አለኝ። ሱቃችሁ ግድግዳ ላይ ከዋጋ ዝርዝሩ በላይ ያችን ጥያቄ ጻፉልን። ደንበኞችም ዝም ብለን «እሺ» አንበል፤ ዕቃችንን ስንሰጥ ውስጡ ምን እንዳለ እንናገር። ያገለገለ የሚገዛ ደግሞ በገዛበት ቀን ቁልፉን ያስፈትሽ፤ የመጫኛ ፍላሽ ያሰናዳ።

ማታ ቤት ገብተን፣ እህቴ ቡና እያፈላች፣ ልጅቷ የተገለበጠላትን ማኅደር ከፈተች። የምርት መዝገቦች፣ የቀሪ ዝርዝሮች፣ ከዚያ አንድ ፎቶ። መስመራቸው ሙሉውን ነው፤ ሠላሳ አንድ ሰው፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በሥራ ልብስ ሆነው ከሼዱ ፊት ለፊት ቆመዋል። ከጦርነቱ በፊት የተነሱት የመጨረሻ ፎቶ ነው። ጣቷን በየፊቱ ላይ እያሳረፈች ስም ጠራችልኝ። ይቺ አዲስ አበባ ናት። ይቺ አግብታ ዓድዋ ሄደች። ይቺ ወልዳለች። እንዲህ እያለች ሃያ ሁለት ደረሰች።

የቀሩትን ዘጠኝ ጣቷ ዝም ብሎ ነካ ነካ አደረጋቸው። እህቴ ጀበናውን አስቀምጣ መጥታ አጠገባችን ተቀመጠች። ማናችንም አልጠየቅናትም። ብቻ ስማቸውን ከመዝገቡ ላይ አውጥታ ከፎቶው ሥር ጻፈችና ሁለት ቦታ ገለበጠችው፤ አንዱን ፍላሽ ለእኔ ሰጠችኝ።