«ነቀርሳ» በሚለው ቃል ላይ፦ ስለ ካንሰር መግቢያ ትምህርት የቀረበ ሂስ

ለአዲስ የምርምር ሠራተኞች የሚሰጠው የካንሰር መግቢያ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከሕዋስ ተነሥቶ ወደ ምርመራ፣ ከምርመራም ወደ ሕክምና ይሸጋገራል። በቅደም ተከተሉ ላይ ተቃውሞ የለንም። ሂሳችን ትምህርቱ በሚዘለው ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ሠልጣኙ በእንግሊዝኛ የተማረውን በሽታ ለሕመምተኛው በምን ቃል እንደሚያስረዳ አለመነገሩ ነው።

እንደሚታወቀው «ነቀርሳ» በአማርኛ የሁለት ልዩ ልዩ በሽታዎች መጠሪያ ነው። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 ባስታወቀው ባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣውና በትንፋሽ የሚተላለፈው ቲቢ ነው። «የጡት ነቀርሳ» ሲባል ግን ካንሰር ነው። ካንሰር ከውጭ የገባ ተዋሕስ አይደለም፤ በዘረ መሉ ላይ ለውጥ የተጠራቀመበት የገዛ አካል ሕዋስ ያለ ቁጥጥር ሲራባና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲዛመት የሚፈጠር ነው። «ዕጢ» የሚለው ቃልም ከዚህ ችግር አይድንም፤ ጤነኛውም የአካል ክፍል፣ አደገኛውም እባጭ በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ጉዳዩ ተራ የቃላት ክርክር እንዳይመስል የሚዛን ተፈሪን አካባቢ እንመልከት። ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ፣ በበበቃ የቡና እርሻም ዙሪያ፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ሜኤንና ካፋ በየራሳቸው ቋንቋ ይነጋገራሉ፤ አማርኛ ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። በአንገቱ ላይ ንፍፊት የወጣበት አንድ የቡና ገበሬ ወደ ሐኪም ቤት መጣ እንበል። እብጠቱ በአገራችን በብዛት የሚታየው የንፍፊት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በዓይን አይቶ መለየት አያስተማምንም። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ አስፈላጊም ሲሆን ከሥጋው ተቈርጦ ይታያል። ውጤቱ ቲቢ ከሆነ በተለመደው ሁኔታ የስድስት ወር መድኃኒት ያድነዋል። ካንሰር ከሆነ ግን እንደ ዓይነቱና እንደ ደረጃው ቀዶ ሕክምና፣ የካንሰር መድኃኒት ወይም ጨረር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ለሁለቱም «ነቀርሳ ነው» ቢባል፣ የመጀመሪያው ከሚድን በሽታ ተስፋ ቈርጦ መድኃኒቱን ሊተው፣ የሁለተኛው ቤተሰብ ደግሞ ያለ ምክንያት የበሽተኛውን ዕቃ ሊለይ ይችላል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ ነበር። ዛሬ ጅማም አገልግሎቱ ይገኛል፤ ቢሆንም ከሚዛን ለሚነሣ ሕመምተኛ መንገዱ ረጅም ነው። በዚያ ላይ ባለመግባባት የሚባክን ጊዜ ሲጨመር ጉዳቱ የከፋ ይሆናል።

«አንዳንዱ ካንሰር ከተላላፊ ተዋሕስ ይነሣ የለምን?» የሚል ጥያቄ ሊቀርብ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማሕፀን ጫፍ ካንሰር በአብዛኛው የሚነሣው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ነገር ግን የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም። ይህ ልዩነት መምህራንንም በቀጥታ ይመለከታል፤ በ2011 ዓ.ም. የዚህ ቫይረስ መከላከያ ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር አንዱ ዋና መስጫ ቦታ ትምህርት ቤት ነበርና።

ለአካባቢው ተማሪ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 በአገራችን የታየው የቡና ፍሬ በሽታ ከተክሉ ውጭ በመጣ ፈንገስ የሚከሠት ስለሆነ ለቲቢ ማስረጃ ይሆናል። ለካንሰር ግን ይህን ምሳሌ መጠቀም ተማሪውን ያሳስታል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ የመግቢያ ትምህርቱ ገና ከመጀመሪያው ገጽ «ቲቢ» እና «ካንሰር» የሚሉትን ስሞች ለይቶ ያስቀምጥ፤ «ነቀርሳ» የሚለውም ቃል ብቻውን አይነገር። ሁለተኛ፣ ሠልጣኙ የሚፈተነው የሕዋስን ክፍሎች በመዘርዘር ብቻ ሳይሆን የምርመራን ውጤት በአማርኛ፣ በአስተርጓሚም አማካይነት በአካባቢው ቋንቋ በማስረዳት ይሁን። ሦስተኛ፣ የባዮሎጂ መምህራን በክፍል ውስጥ በእነዚሁ ስሞች ይጠቀሙ፤ የዛሬው ተማሪ ነገ ለወላጆቹ አስተርጓሚ ሆኖ ከሐኪሙ ፊት የሚቀርብ እርሱ ነውና።